መጥለቅና መስጠም፤ ስለ ሕፃናት የቋንቋ ትምህርት ሁለት ስያሜዎች

በውጭ አገር የቋንቋ ትምህርት ጽሑፎች ውስጥ «ኢመርሽን» የተባለ ቃል ዘወትር ያጋጥመናል። ሐሳቡ ሕፃኑ ገና ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በማያውቀው ቋንቋ እየተነገረው፣ እየተጫወተና እየቈጠረ ቋንቋውን እንዲለምድ ማድረግ ነው። ለቃሉ የአማርኛ አቻ ስንፈልግ የገጠመን ችግር የስያሜ ብቻ ሳይሆን የታሪክም ሆኖ ስላገኘነው፣ በታሪኩ እንጀምራለን።

መነሻው የፈረንሳይኛ ትምህርት ነው። በካናዳ፣ በሞንትሪያል አጠገብ በምትገኘው በሳን ላምቤር፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆኑ ወላጆች ልጆቻቸው ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምረው በፈረንሳይኛ ብቻ የሚማሩበትን ክፍል በ1965 እ.ኤ.አ. አስከፈቱ። የማክጊል ዩኒቨርስቲ ሊቃውንት ዋላስ ላምበርትና ሪቻርድ ታከር ልጆቹን ለዓመታት ተከታትለው ውጤቱን በ1972 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጡ። ልጆቹ ፈረንሳይኛን በሚገባ ለመዱ፤ እንግሊዝኛቸውም አልተጐዳም። ይህ በሰፊው የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሙከራው የተካሄደበት ሁኔታ ነው። መምህሯ የልጆቹን ቋንቋ ትሰማለች፤ ሕፃኑ በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ ቢመልስ አይከለከልም፤ የክፍሉ ልጆች ሁሉ እኩል ጀማሪዎች ናቸው፤ ሁለተኛ ክፍል ሲደርሱ የእንግሊዝኛ ትምህርት ይጨመርላቸዋል። ከሁሉም በላይ እንግሊዝኛ በቤት፣ በገበያና በሥራ ቦታ የጸና ቋንቋ ስለ ሆነ የሚያሰጋው አልነበረም።

በአገራችንም ቢሆን የመዋዕለ ሕፃናት ታሪክ የሚጀምረው ከፈረንሳይኛ ጋር ነው። የባቡር ሐዲድ በሚዘረጋበት ዘመን ለፈረንሳውያን ባለሙያዎች ልጆች በድሬዳዋ የተከፈተው እንደ መጀመሪያው ይቈጠራል። ዓመቱ 1900 እ.ኤ.አ. ነው ተብሎ ይጻፋል፤ ባቡሩ ከዚያ ስፍራ የደረሰው ግን በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ስለ ሆነ ዘመኑን በጥንቃቄ መውሰድ ይገባል። ያም ሆነ ይህ እነዚያ ሕፃናት የተማሩት በገዛ ቋንቋቸው ነበር። በፈረንሳይኛ የተማሩት ኢትዮጵያውያን በ1901 ዓ.ም. በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክና በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤቶች የገቡት ናቸው። «ቢሮ» እና «ለገሃር» የመሳሰሉት ቃላት የዚያ ዘመን ቅርሶች ናቸው። ከጠላት ወረራ በኋላ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ወሰደ።

ስለዚህ «ሕፃን ባልለመደው ቋንቋ መማር» የሚለውን ጉዳይ በአገራችን ለመመርመር ወደ ካፋ መሄድ ይሻላል። የካፋ ሰው ቋንቋውን «ካፊኖኖ» ይለዋል፤ «ኖኖ» ማለት አፍ ነው። አማርኛም ሕፃን መጀመሪያ የሚናገርበትን ቋንቋ «አፍ መፍቻ» ስለሚል ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ አስተሳሰብ ይገናኛሉ። ሊዮ ራይኒሽ የቋንቋውን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1888 እ.ኤ.አ. በቪየና አሳትሟል። የካፋ መንግሥት ነጻነቱን ያጣው፣ ንጉሡ ጋኪ ሻሮቺም የተያዘው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። ቋንቋው የአውሮፓ ሊቃውንት መዝገብ ውስጥ ከገባ በኋላ የቦንጋ ልጆች በትምህርት ቤት እስኪያገኙት ድረስ ብዙ ዘመን አለፈ።

በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ የትምህርት ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዝዞ፣ የአካባቢው ቋንቋ ግን ተማሪውና ሚሲዮናዊው አማርኛ እስኪያውቁ ድረስ ብቻ በመጀመሪያው ደረጃ እንዲያገለግል ፈቀደ። እዚህ ላይ የአካባቢው ቋንቋ እንደ ድልድይ ተቈጥሯል፤ ድልድይ ደግሞ ተሻግረው የሚተዉት ነገር ነው። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ «ከፋ-ሞቻ» ከአሥራ አምስቱ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በግዕዝ ፊደል ተጻፈ። ያም ዘመቻ ይበልጡን ለጐልማሶች የተዘጋጀ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ሲደነግግ ካፊኖኖ ወደ ሕፃናቱ ክፍል ገባ፤ የጽሕፈቱም ፊደል ላቲን ሆነ። የአናባቢ ርዝመት በካፊኖኖ የቃል ትርጉም ስለሚለይ፣ የግዕዝ ፊደልም ይህን ስለማያሳይ፣ ለውጡ የቋንቋ ምክንያት እንደ ነበረው እንቀበላለን። ሆኖም የካፋ ሕፃን ሦስት ቋንቋዎችን በሁለት ፊደል ይማራል።

አሁን ወደ ስያሜው እንመለስ። ከቤቱ ካፊኖኖ ብቻ ይዞ የመጣ የገጠር ሕፃን፣ አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ብቻ በሚነገርበት ክፍል ቢቀመጥ፣ ላይ ላዩን ሲታይ የሳን ላምቤርን ሕፃን ይመስላል። መምህሩ ቋንቋውን የማይሰማው፣ ጐረቤቱ የትምህርቱን ቋንቋ ከቤቱ ያመጣ፣ የገዛ ቋንቋውም ከቶ የማይጨመርለት ከሆነ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። የሰሜን አሜሪካ ተመራማሪዎች ይህን ልዩነት አይተው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለተኛውን «ሰብመርሽን» ብለውታል። ተርጓሚው ሁለቱን በአንድ ቃል ቢመልሳቸው የካናዳው ውጤት ለካፋ ሕፃን ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፤ ጕዳቱም በሕፃኑ ላይ ይወድቃል።

«ጥምቀት» በትርጉሙ ቢቀርብም የቤተ ክርስቲያን ቃል ነውና ሊነካ አይችልም። «መዘፈቅ» ከዕዳና ከጭቃ ጋር ተቈራኝቷል፤ «መነከር» ደግሞ የልብስና የእህል ነው። እኛ የምናቀርበው ለመጀመሪያው «የመጥለቅ ትምህርት»፣ ለሁለተኛው «የመስጠም ትምህርት» የሚለውን ነው። በጎጀብ ወንዝ ዋና የሚችል ሰው ይጠልቃል፣ ተመልሶም ይወጣል፤ ዋና የማይችል ይሰጥማል። «ጀንበር ስትጠልቅ ትጠፋለች» ብሎ የሚቃወመን ቢኖር፣ በማግሥቱ እንደምትወጣ እናስታውሰዋለን። ላምበርት ላወጣቸው ለሁለቱ የልሳነ ክልኤ ዓይነቶችም «ደማሪ» እና «ቀናሽ» የሚሉት የሒሳብ ቃላት ይበቃሉ።

የካፊኖኖ አቻዎችን ግን የቦንጋ መምህራን ቢያወጧቸው እንመርጣለን፤ በወንዛቸው የሚጠልቀውንና የሚሰጥመውን በምን ቃል እንደሚለዩት የሚያውቁ እነርሱ ናቸውና።