የቁራ መልእክተኛ

ባለፈው አንዱን ተማሪ ጠመኔ አምጣ ብዬ ብልከው ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ሳይመለስ ቀረ። "የቁራ መልእክተኛ ሆነብኝ እኮ!" ስል ግማሹ ሳቀ፤ ግማሹ ግን "ቲቸር፣ ቁራ ምን አደረገ?" አለኝ። መልሱን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ነገሩ የሚነሳው ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 8 ነው። ኖኅ ከመርከቡ መጀመሪያ የላከው ቁራን ነበር። ርግብ ግን በኋላ ተልካ የወይራ ቅጠል ይዛ ተመለሰች። በዚህ የተነሳ ርግብ የሰላም ምልክት ስትሆን ቁራ የከዳተኛ ስም ወጣለት።

የሚገርመው ግን ዕብራይስጡ ቁራው ይወጣና ይመለስ ነበር ነው የሚለው። ውሃው እስኪደርቅ አልተመለሰም የሚለው የግሪኩ የሰባ ሊቃናት ትርጉም ነው። የእኛ የግእዝ ብሉይ ኪዳን ደግሞ የተተረጎመው ከግሪክ ነው። የላቲኑም አልተመለሰም ስለሚል፣ በሩቅ አገር ያሉት ስኮትላንዳውያንም ልክ እንደኛ ተልኮ የሚቀረውን ሰው "የቁራ መልእክተኛ" ይሉታል!

እንግሊዝኛ ትልቁን ቁራ ሬቨን፣ አነስ ያለውን ክሮው ብሎ ይለያል፤ እኛ ሁለቱንም ቁራ ነው የምንለው። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በ1845 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ ግጥሙ ሬቨንን የሐዘን ወፍ አድርጎታል። በእኛ ደጋ የምናየውን፣ ምንቃረ ወፍራሙንና ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን ቁራ ደግሞ ጀርመናዊው ሩፔል በ1836 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስም ሰጥቶታል። ይህ ወፍ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም።

ቁራ ግን ውለታም አለው። በ1ኛ ነገሥት 17 ለነቢዩ ኤልያስ ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመላለሱለት ቁራዎች ናቸው። ይህንን ግን ማንም አያነሳለትም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ያለ ነገር አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ለሥራ ብሎ ከቤት ከወጣ አራት ዓመት ሆነው፤ ድምፁ ከጠፋም ቆየ። ጎረቤት "የቁራ መልእክተኛ ሆነ" ሲል እናቴ ትቆጣለች። ባለፈው የቁራውን ታሪክ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና "እንግዲያ ውሃው ገና አልደረቀለትም ይሆናል" አለች።

እኔም ከዚያ ወዲህ ይህን አባባል በሰው ላይ ለመናገር አፌ አይደፍርም። ጠመኔ ይዞ ለሚቀር ተማሪ ካልሆነ በቀር። መልካም ምሽት!