«የተማረ ይግደለኝ»? ዲግሪና ንቀት በጅጅጋ ታሪክ

«የተማረ ይግደለኝ» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ ላይ ላዩን ሲታይ ለዕውቀት የተሰጠ ክብር ነው። ጠጋ ብለን ስናየው ግን አስደንጋጭ ነገር አለው፤ ያልተማረው ሰው ሕይወቱን ሳይቀር ለተማረው አሳልፎ ይሰጣል። ለመሆኑ የተማረው ወገን ይህን አደራ እንዴት ያዘው? ዲግሪ የጫነ ሰው ዲግሪ የሌለውን ይንቃልን?

ጥያቄው ዘወትር የሚነሣው በአዲስ አበባ ነው። እኔ ግን ዛሬ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጅጅጋና በዙሪያዋ ወዳሉት የሶማሌ ክልል ከተሞች ልወስደው እወዳለሁ። እዚያ የዲግሪ ታሪክ አጭር ነው፤ የክልሉ የመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ፣ ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ፣ የተከፈተው በ2007 ነው (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ታሪኩ አጭር በመሆኑም የንቀቱን ሥር ፈልጎ ማግኘት አያስቸግርም።

ከዲግሪ በፊት ንቀት አልነበረም ወይ? ነበረ እንጂ! የሶማሌን አርብቶ አደር ኅብረተሰብ ያጠናው ብሪታኒያዊው አንትሮፖሎጂስት አይ. ኤም. ሉዊስ በ1961 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ሶማሌ ወንዶችን በሁለት ይከፍላቸዋል፤ አንዱ «ወዳድ» (ከአማርኛው ቃል ጋር አይምታታ) ማለትም የሃይማኖት ሰው፣ ሌላው «ወረንሌ» ማለትም ጦር ያነገበ ነው። በዱግሲ፣ በቁርአን ትምህርት ቤት፣ ከእንጨት ሰሌዳ ላይ ፊደል የቆጠረው ወዳድ ይመርቃል፣ ያስታርቃል፤ የጎሳውን ጉዳይ በምክር የሚቆርጡት ግን ሽማግሌዎቹ ናቸው። ሁለቱም ይከባበሩ ነበር፤ አንዱ ያለ ሌላው አይኖርምና።

የሚናቀው ሌላ ነበር። ብረት ቀጥቃጩና ቆዳ ሠሪው፣ ዛሬ በጥቅሉ ገቦዬ የሚባሉት ወገኖች፣ የሚናቁት ዕውቀት ስለሌላቸው ሳይሆን ስለ ትውልዳቸው ነበር። ደገኛውም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ዐፄ ምኒልክ በ1908 ባለ እጁን በሥራው አትስደቡ ብለው እስከ ማወጅ የደረሱት ስድቡ ሥር ሰድዶ ስለነበር ነው። ያ አዋጅ የሚጽፈውን ሰው ጠንቋይ ብሎ መስደብንም መከልከሉን ልብ ይሏል! ፊደል ያወቀም የሚሰደብበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

የጅጅጋ የራሷ አመሠራረት ይህንኑ ይመሰክራል። የከተማዋን ፕላን አስነድፈዋል የሚባሉት ገዥ፣ በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ቲያትር የጻፉት፣ በኋላም የ1931ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኚሁ ሰው ናቸው። በእርሳቸው ዘመን ግን በውጭ አገር የተማረ ሰው በመኳንንቱ ዘንድ በጥርጣሬ የሚታይ፣ ሃይማኖቱን ለውጦ ይሆናል ተብሎ የሚታማ ነበር። የሚናቀው የተማረው፣ የሚንቀው ባለ ርስቱ ነበር። እንግዲህ ንቀት የዕውቀት ልጅ አይደለም፤ ሥልጣን በቆመበት በኩል የሚቆም ነገር ነው።

ታዲያ መቼ ተገለበጠ? ወረቀቱ የሥልጣን በር በሆነ ጊዜ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1956 ቀብሪ ደሃር ላይ ለሶማሌ ሕዝብ ባደረጉት ንግግር በመንግሥት ሥራ ለመግባት አማርኛ መማር እንደሚያስፈልግ መክረዋል። ንግግሩ በቅን ልቡና ቢታይም መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ሽማግሌው የቱንም ያህል ሕግ ዐዋቂ ቢሆን በመንግሥት ደጅ ትምህርት ቤት ከገባው ልጁ በታች ነው። በደርግ ዘመን በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሶማሊኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች በግዕዝ ፊደል ተካሄደ። ከድንበሩ ማዶ ደግሞ ሶማሊኛ ከ1972 ጀምሮ በላቲን ፊደል ይጻፍ ነበር። በልጅነቱ የዓረብኛ ፊደል የለየ የአውበሬ ሽማግሌ በሁለቱም መንግሥታት ሚዛን «መሃይም» ሊባል የሚችል ሰው ሆነ። ዕውቀቱ አልጠፋም፤ የጠፋው የሚቆጥርለት ነው።

የንቀቱ መሠረት ምን ያህል ባዶ እንደ ሆነ ያሳየው ግን 1988 ነው። በዚያ ዓመት የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከዚያችው ከተማ አየር ማረፊያ ነበር! ዘመቻውን የመሩት ጄኔራል ሞርጋን በኢጣልያና በአሜሪካ የሠለጠኑ መኮንን ነበሩ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ እኛ ድንበር ጎረፈ። ሐርተሼክ በጅጅጋ አጠገብ የምትገኝ ትንሽ ቦታ ሳለች ወደ 250,000 የሚጠጋ ስደተኛ አስጠግታ ከዓለም ትላልቅ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። ውኃ ከጀረር ሸለቆ በቦቴ ይመላለስ ነበር። ከሸሹት መካከል መምህሩ፣ ሐኪሙ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊው ነበሩ። ከለጋሾቹ እርዳታ ጋር ያቆማቸው ዲግሪ ምን እንደ ሆነ የማያውቀው የአካባቢው አርብቶ አደር ዘመዳቸው ነው። የተማረ ገደለ፤ ያልተማረ አስጠጋ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ በ1981 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ባብዛኛው በተማሩ ሰዎች ነበር። ከ1988 በኋላ ግን ስንቁንና ተዋጊውን የሚያስተባብሩለት በኢትዮጵያ ምድር የተሰባሰቡት ሽማግሌዎች፣ ጉርቲዎች፣ ሆኑ። መንግሥት ከፈረሰ በኋላ በ1993፣ ከአውበሬ ብዙ በማትርቀው ቦረማ ከተማ ድምፅ የሰጡት 150 ሽማግሌዎች ወራት ፈጅተው ሰላም አወረዱ፣ መንግሥት አቆሙ። በዚያው ዓመት በሞቃዲሾ የተማሩት የዓለም ዲፕሎማቶች የሞከሩት ምን ላይ እንደ ወደቀ አንባቢ ያውቀዋል። ከአምስት ዓመት በኋላም በዚያችው ቦረማ የአሙድ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ገንዘቡን ካዋጡት መካከል ነጋዴዎች ነበሩበት። ያልተማረው ለተማረው ቤት ሠራለት እንጂ አልናቀውም።

ወደ ራሳችን ወገን ስንመለስ ከ1991 በኋላ የተቋቋመው ክልል ሹም እንጂ የተማረ ሹም አልነበረውም። በ1987 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ከታዳጊ ክልሎች ለሚመጡ ሠራተኞች በሩን የከፈተው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር። ዓላማው መልካም ነው። ውሎ አድሮ ግን ዲግሪ ለሥራው የሚያስፈልግ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ የወንበር ቀረጥ ሆነ። ቀረጥ ባለበት ደግሞ ኮንትሮባንድ አይቀርም፤ በመላ አገሪቱ የሐሰተኛ ትምህርት ማስረጃ ማጣራት ያስፈለገው ስለዚሁ ነው። በቶጎ ውጫሌ ገበያ የከብቱን ጤና በዓይኑ የሚለየው ደላላ፣ በቃል ብቻ የብዙ ሰው ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ሐዋላ ላኪ «ያልተማረ» ይባላል። እርሱም በተራው ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበለውን ባለ ዲግሪ ይንቀዋል። ንቀት ለንቀት ተያይዘው ይኖራሉ።

ይህ ንቀት በፖለቲካችን ላይ ያደረሰውን ጉዳት ደግሞ አንርሳ። ክልሉን ከ2010 እስከ 2018 የመሩት አብዲ መሐሙድ ዑመር (አብዲ ኢሌ) ሲነቀፉ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ነቀፌታ «ኤሌክትሪሺያን ነበር» የሚለው ነበር። እስቲ እንጠይቅ፤ መብራት መዘርጋት ነውር ነው? ሂዩማን ራይትስ ዎች በሐምሌ 2018 ባወጣው ዘገባ በጅጅጋው ጄል ኦጋዴን የተፈጸመውን ስቃይ ዘርዝሯል። ሰውየው በዚያው ዓመት ታስረው በ2024 ክሱ ተቋርጦ ተፈትተዋል። መጠየቅ የነበረበት በእስር ቤቱ ስለ ሆነው እንጂ ስለ ትምህርት ደረጃቸው አልነበረም። የሚገርፍ እጅ ባለ ዲግሪ ቢሆን ግርፋቱ አይቀልም። በነሐሴ 2018 የተተኩት ሙስጠፌ ሙሐመድ ዑመርም የሚመዘኑት በኢኮኖሚክስ ትምህርታቸው ሳይሆን በሥራቸው ነው። ገዥን በወረቀቱ የሚመዝን ሕዝብ ወረቀት ያለው ጨካኝ የመጣበት ቀን ምን ብሎ ሊከራከር ነው?

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እርሱም ትክክል ነው። የገቦዬ ልጅ፣ በሽማግሌዎች ሸንጎ መቀመጫ ያልነበራት ሴት፣ አንገታቸውን ቀና እንዲያደርጉ ካስቻሏቸው መንገዶች አንዱ ያ ወረቀት ነው። ሽማግሌው የማይሰጣቸውን ወንበር የፈተና ውጤት ሰጣቸው። እኔም ዲግሪ ይቅር አልልም። የምለው፣ ትውልድ መቁጠርን ያፈረሰው ዲግሪ እርሱ ራሱ አዲስ የትውልድ ሐረግ እየሆነ ነው። ሶማሌ አብቲርሲ ይለዋል፤ አባት እየጠሩ ወደ ላይ መቁጠር። ዛሬ የሚቆጠረው «የመጀመሪያ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ» ሆኗል።

ይህ ቀልድ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶው 97 ያህሉን ምን ልንላቸው ነው? ወዳድና ወረንሌ ሁለቱም ስም ነበራቸው፤ የእነዚህ ወጣቶች ስም ግን «የወደቀ» ሆነ። አገር በ3 ከመቶ አትቆምም።

ስለዚህ ጥያቄውን ልመልስ። አዎን፣ ባለ ዲግሪው ይንቃል፤ የሚንቀው ግን ስለተማረ አይደለም፤ መንግሥት ክብርንና እንጀራን በአንድ ወረቀት ላይ ስላሰረለት ነው። መፍትሔውም ወረቀቱን መቅደድ አይደለም፤ ሥራው በእርግጥ የሚጠይቀውን ትምህርት ብቻ መጠየቅ፣ የእጅ ሙያንና የሽምግልናን ዕውቀት ዕውቀት ብሎ መመዝገብ፣ ሹምን በሥራው መዳኘት ነው። «የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሰው ሞት አልለመነም፤ እምነት ሰጠ እንጂ። የተማረ ሰው ዕዳው ይህ ነው።