ከጋፋት እቶን እስከ ሳሎኑ ሪሲቨር

ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን፣ ክብደቱ 70 ኩንታል የሚያህለውን መድፍ በ1859 ዓ.ም. ባሠሩ ጊዜ፣ እቶኑን ያነደዱትና የቀለጠውን ነሐስ ያፈሰሱት የውጭ አገር ባለእጆች ለዚህ ተግባር ከአገራቸው የተላኩ አልነበሩም። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ማየር በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አቅራቢያ ካለው ከቅድስት ክሪሾና የሚስዮን ተቋም ተልከው፣ በእጃቸው ሥራ እየተዳደሩ ወንጌልን ይሰብኩ ዘንድ ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ ተከታትለው ከገቡት ወጣቶች ወገን ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከእነርሱ አጥብቀው የሚሹት ጥበበ እድን ነበርና፣ በመጀመሪያ መንገድና ሠረገላ፣ በኋላም መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው፤ ሙያውን አናውቀውም ቢሉም ምክንያታቸው ተቀባይነት አላገኘም፤ የፊተኛው ሙከራ ከሸፈ፤ ዳግመኛ ሞከሩ፤ በመጨረሻም ተሳካላቸው። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ዐቢይ ነገር፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ ሁሉ ፍጹም ግብሩን የሚያገኘው በተቀበለው ሕዝብ ፈቃድና ችግር እንጂ በፈጠረው ሰው አሳብ ብቻ አለመሆኑን ነው።

ይህ እውነት የሚሠራው ለመድፍና ለባሩድ ብቻ አይደለም። ዛሬ በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉት የደቡብ ጎንደር ከተሞች፣ በየሳሎኑ ከቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠችው ሪሲቨር የምትባል ትንሽ ሣጥን የመጣችበት መንገድም በዚሁ ሕግ የሚተረጐም ነው፤ መንገዷንም ለመረዳት በመጀመሪያ በሌላው ዓለም የሳሎን ማዕከል የመሆንን ማዕርግ ሲመኝ ኖሮ ሳያገኘው የቀረውን መሣሪያ መመልከት ይገባል።

የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ሠሪዎች፣ ሥራቸው የልጆች መጫወቻ ብቻ ሆኖ እንዳይቀርና የሳሎኑ ማዕከል እንዲሆን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ደክመዋል። ሻርፕ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1976 ዓ.ም. የኒንቴንዶን መሣሪያ ከቴሌቪዥን ጋር አዋሕዶ አቀረበ፤ ሶኒ በ1996 ዓ.ም. በፕሌይስቴሽን 2 ላይ የቴሌቪዥን መቀበያና መቅጃ ጨምሮ ፒ ኤስ ኤክስ ያለውን በዚያው በጃፓን ሸጠ፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ፕሌይ ቲቪ የሚባል የፕሌይስቴሽን 3 ተቀጽላ በአውሮፓ አወጣ። ከሁሉ ርቆ የሄደው ግን ማይክሮሶፍት ነው። በኅዳር ወር 2006 ዓ.ም. የወጣው ኤክስቦክስ ዋን በጀርባው የኤች ዲ ኤም አይ መግቢያ ነበረውና፣ ከኬብል ወይም ከሳተላይት መቀበያው የሚወጣው ሥዕልና ድምፅ በእርሱ ውስጥ አልፎ ወደ ቴሌቪዥኑ ይደርስ ነበር፤ ባለቤቱ በቃሉ ሲያዝዘውም ዓይን በማያየው ብርሃን ለመቀበያው ምልክት እየላከ ጣቢያ ይለውጥ ነበር። ነገር ግን ሰው ዜና ለማየት ሁለት መሣሪያ ማብራት ግድ ሆነበት፤ ዋጋው በአሜሪካ 499 ዶላር ነበር፤ ከሁሉ በላይ ተመልካቹ ፊቱን ወደ ኢንተርኔት ሥርጭት እያዞረ ስለነበር፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. የወጣው ተተኪ መሣሪያ ያን መግቢያ ሳይዝ ቀረ። ሠሪው ለመሣሪያው የሰጠውን ሹመት ቤተሰቡ አላጸደቀለትም።

በእኛ አገር የሳሎኑ ማዕከል የቆመው በሌላ ሥርዓት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሥርጭቱን ሲጀምር፣ ጣቢያው አንድ፣ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ፣ ተመልካቹም ጥቂት የዋና ከተማ ሰው ነበር፤ ቀለም የተጨመረው በ1970ዎቹ ሲሆን፣ ወደ ክፍለ ሀገር የዘለቀውም ማሠራጫዎች በየከፍታው ቀስ በቀስ ሲተከሉ ነው። በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን የገባበት ቤት ብቻውን አላየውም። በቡፌ ላይ ተቀምጦ ዳንቴል የሚለብሰው ዕቃ የአንድ ቤተሰብ ገንዘብ ቢሆንም ግብሩ ግን የማኅበር ነበር፤ የጎረቤት ልጆች ጫማቸውን በደጅ አውልቀው ከወለሉ ይቀመጣሉ፤ አዋቂዎች ዜናውንና ድራማውን አብረው ይጠብቃሉ፤ ባለቤቱም በሩን መዝጋት እንደ ነውር ይቆጥረዋል። ጣቢያው አንድ ብቻ ስለነበረ የሚመረጥ ነገር አልነበረም፤ የሚመረጥ ከሌለም ምርጫን የሚያስተናግድ ሌላ ሣጥን አያስፈልግም ነበር።

የሳተላይት ሥርጭትን ብዙ የደጋው ልጅ መጀመሪያ ያወቀው በትምህርት ቤት ነው። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃው ክፍል ውስጥ የተተከለውና ተማሪዎች በአጭሩ ፕላዝማ እያሉ የሚጠሩት ቴሌቪዥን፣ የአንድ መምህር ድምፅ በአንድ ሰዓት ለመላው አገር ተማሪ ሲያሰማ፣ ሰማይ የትምህርት መንገድ ሊሆን እንደሚችል በዓይን አሳየ። ከዚያ ወዲህ ዲሽ በየቆርቆሮው ጣሪያ ላይ በዛ፤ ፊቱም ወደ ምዕራብ፣ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ናይልሳት ነበር። በአሜሪካ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት ኢ ቢ ኤስ፣ በ2008 ዓ.ም. የተከፈተውና የቱርክና የኮርያ ድራማዎችን በአማርኛ ያናገረው ቃና፣ ከባሕር ዳር የሚሠራጨው የአማራ ቴሌቪዥን፣ የመዝሙርና የስብከት ጣቢያዎችም እየተጨመሩ፣ አንዱ ጣቢያ መቶ ሆነ፤ ሪሲቨሩም የቤቱ መዝገብ ያዥ ሆኖ ተሾመ።

ይህች ሣጥን የሰማዩን ምልክት በመቀበል ብቻ አልተወሰነችም። በፊቷ ባለው የዩ ኤስ ቢ ቀዳዳ ፍላሽ ሲሰካባት የሠርጉንና የክርስትናውን ቪዲዮ ታሳያለች፤ ፊልሙንና መዝሙሩን ታሰማለች፤ በአንዳንዷም ውስጥ ልጆች የሚያዘወትሩት ቀላል ጨዋታ ይገኛል። እንግዲህ በሌላው ዓለም የጨዋታው መሣሪያ ቴሌቪዥንን ጠቅልሎ ሊይዝ ሲደክም፣ በእኛ ቤት የቴሌቪዥኑ መቀበያ ጨዋታውን ጭምር ጠቅልሎ ያዘ፤ ኤክስቦክስ በዐዋጅ የተመኘውን ሥልጣን ሪሲቨሩ ያለ ዐዋጅ ወረሰ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ዋጋው ለብዙው ቤተሰብ የተቻለ ነበር፤ ኢንተርኔት አይሻም፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ያለ ብዙ ድካም ሥራውን ይቀጥላል።

ፕሌይስቴሽን ደግሞ ከሳሎን ይልቅ በአደባባይ ቦታውን አገኘ። በከተሞቻችን ጌም ቤት የሚባለው ጠባብ ክፍል፣ መሣሪያውን በየቤቱ ለመግዛት አቅም የሌላቸው ወጣቶች በጨዋታ ልክ እየከፈሉ፣ ብዙውን ጊዜም የተሸነፈው ሒሳቡን እየሸፈነ፣ የእግር ኳስ ውድድር የሚገጥሙበት ስፍራ ሆነ፤ ዲ ኤስ ቲቪ የተባለውን የክፍያ ቴሌቪዥን ያስገባው ቤትም እንዲሁ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ በክፍያ የሚያሳይ የብዙኃን ሳሎን ሆነ። ጨዋታውና ቀጥታ ሥርጭቱ በአንድ ጣሪያ ሥር በተገናኙበት ቤት ደግሞ፣ ገመዱን ከአንዱ መሣሪያ ነቅሎ ወደ ሌላው የሚሰካው የቤቱ ጠባቂ፣ ማይክሮሶፍት በብዙ ወጪ የሞከረውን ማዋሐድ በእጁ ይፈጽመዋል። በ1960ዎቹ በአንድ ቴሌቪዥን ዙሪያ የተሰበሰበው ጎረቤት መንፈሱ አልጠፋም፤ የሚሰበሰብበት ምክንያት በዛ እንጂ።

ይህ ሁሉ የቆመው በማን ጥበብ እንደሆነ በግልጽ የታየው ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ኢትዮሳት በተባለው አገልግሎት፣ በምሥራቅ 57ኛ ዲግሪ ላይ ወዳለው ወደ ኤን ኤስ ኤስ 12 ሳተላይት በተዛወሩ ጊዜ፣ ወደ ምዕራብ ያይ የነበረው ዲሽ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ማዞር፣ አለዚያም ሁለተኛ ዲሽ ማስተከል ግድ ሆነ። ይህን የፈጸሙት በየከተማው ያሉት የዲሽ ሠራተኞች ናቸው፤ ጣሪያ ላይ ወጥተው፣ በዲሹ ፊት ያለውን ምልክት መቀበያ ኤል ኤን ቢውን በጣታቸው ጥቂት በጥቂት እያዞሩ፣ ከታች ሆኖ ሲግናሉን የሚያነበውን ረዳት እየጠየቁ፣ ፍሪኩዌንሲውን በቃላቸው ይዘው፣ የአገሩን ሳሎን ቤት ለቤት ወደ አዲሱ ሰማይ መለሱት።

ከጋፋት ታሪክ የጎደለው እንዲህ በአገሩ ሰው እጅ የገባ ሙያ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ካረፉ በኋላ የጋፋት ባለእጆች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ሲወጡ እቶኑ ጠፋ፤ ሙያው ሥር ሰድዶ በአገሩ ሰው እጅ አልገባም ነበርና። ጥበብ እንዳይወረስ ያደረገው ሌላው ምክንያት ደግሞ የራሳችን ኀጢአት ነው፤ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን የሚያረክስ ክፉ ስድብ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም ባለእጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል።

ስለዚህ የዲሽ ሠራተኛውንና የሪሲቨር ጠጋኙን ሙያ እንደ ተራ ቅጥር ሥራ መቁጠር አይገባም። ፈቃድ መሣሪያን ለአዲስ ግብር ያዝዛል፤ ያን ግብር የሚያጸናው ግን ዕውቀት ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ የፊተኛው ነበራቸው፤ የኋለኛውን ግን ለልጅ ልጅ የሚያወርሱበት ዕድሜ አላገኙም። ጋፋትን በጉያው የያዘው የደብረ ታቦር ሕዝብና በከተማው የቆመው ዩኒቨርሲቲ፣ የሴባስቶፖልን ታሪክ በሚጽፉበት መዝገብ የእነዚህን የዛሬ ባለእጆች ሙያ ከአፋቸው ተቀብለው ሊጽፉ፣ ለተከታዩም ትውልድ በሥርዓት ሊያስተምሩ ይገባቸዋል፤ አገር የሌላውን ሥራ የራሷ የምታደርገው ገዝታ በማስገባቷ ሳይሆን፣ ሲሰበር የሚጠግን፣ ሰማዩ ሲለወጥም አቅጣጫውን የሚያውቅ ልጅ በማሳደጓ ነውና።