ሁለት መስመር የጎደለው ኮድ

ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ራሱ የሽቦ አልባ መገናኛን ዘመን ያስታውሳል። ዛሬ ከጀሞ እስከ መካኒሳ በየሰው ኪስ ያለው አንድሮይድ ስልክ የሚሠራው ደግሞ ሊነክስ በሚባል ከርነል ላይ ነው። ከርነል ፕሮግራሞች ሁሉ ሜሞሪና ፋይል የሚጠይቁት የሲስተሙ እምብርት ነው። እዚያ የተፈጠረ ስህተት የአንድ አገር ጉዳይ ሆኖ አይቀርም።

በ2013 ዓ.ም. የአንድ የጀርመን ዌብ ሆስቲንግ ኩባንያ ደንበኛ፣ ያወረደው ፋይል አልከፈት እንዳለው አመለከተ። ፕሮግራመሩ ማክስ ኬለርማን ፋይሉን በእጁ አስተካክሎ ጉዳዩን ዘጋ። ከወራት በኋላ ያው ችግር ተመለሰ፤ ደጋግሞም ተመለሰ።

ኬለርማን ዝም ብሎ አላለፈውም። የተበላሹት ፋይሎች መጨረሻ ላይ ያው ስምንት ባይት ተጽፎ አገኘ፤ በአብዛኛውም የወሩ የመጨረሻ ቀን ፋይሎች ነበሩ። መጀመሪያ የራሱን ኮድ ጠረጠረ። ከብዙ ምርመራ በኋላ ግን ጥፋቱ የከርነሉ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከርነሉ መረጃ ከፋይል ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲያስተላልፍ ጊዜ ለመቆጠብ አይገለብጠውም፤ ፋይሉ የተቀመጠበትን የሜሞሪ ገጽ ብቻ ይጠቁማል። ጠቋሚው ላይ "እዚህ መጻፍ ይቻላል" የሚል ምልክት ሊኖር ይችላል። ጠቋሚው ለአዲስ ሥራ ሲውል የድሮው ምልክት መጥፋት ነበረበት፤ አልጠፋም። ተከራይ ወጥቶ ሌላ ሲገባ ቁልፉ እንዳልተቀየረ ቤት ማለት ነው።

ጉድለቱ የገባው በ2009 ዓ.ም. ነበር። ያኔ ጉዳት አልነበረውም። በ2012 ዓ.ም. የተደረገ ሌላ ማሻሻያ ግን አደገኛ አደረገው፦ ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ተራ ተጠቃሚ ፋይሉን ቀይሮ የሲስተሙ አዛዥ መሆን ቻለ።

ኬለርማን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ችግሩን ከነመፍትሔው ለከርነሉ የደኅንነት ቡድን አሳወቀ። መፍትሔው ምልክቱን ዜሮ የሚያደርግ ሁለት መስመር ኮድ ነበር። በሦስተኛው ቀን የታረሙ የከርነል ቅጂዎች ወጡ። ደርቲ ፓይፕ የተባለው ስህተት ዝርዝሩ ለሕዝብ የተገለጸው ግን የካቲት 28 ነው፤ መጀመሪያ በሩ ተዘጋ፣ ከዚያ ታሪኩ በሙሉ ተነገረ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች ከሌላቸው ገንዘብ በላይ አወጡ። ጉዳዩ ከከርነል ጋር አይገናኝም፤ ባንኩም የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገልጿል። የአገሩ ወሬ ግን ተማሪዎቹ ስንት ወሰዱ፣ ማን መለሰ፣ የማን ፎቶ ተለጠፈ የሚል ነበር። ገንዘቡን ማስመለስ ተገቢ ነው። ነገር ግን የተወሰደ ብር ሲመለስ የተበላሸ ኮድ አብሮ አይታረምም። ምን እንደጎደለ፣ ማን እንዳገኘውና እንዴት እንደተደፈነ በዝርዝር ሲነገር ሌላውም ባንክ ቤቱን ይፈትሻል።

ያን የከርነል ስህተት ያጋለጠው አንድ ተራ የደንበኛ አቤቱታ ነበር። በየቅርንጫፉ መስኮት "ሲስተም የለም" ተብለው ከሚመለሱት አቤቱታዎች መካከል እንዲህ ያለው ስንቱ ይሆን?