ከኬላው ማዶ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ የርካሽ ቤት ፍለጋ ታሪክ

ከአዲስ አበባ የሚወጡት አምስቱ ትልልቅ መንገዶች ከከተማዋ ጫፍ ብዙ ሳይርቁ ሌላ ከተማ ያገኛሉ። በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፣ በደሴ መንገድ ለገጣፎ፣ በቢሾፍቱ (ደብረ ዘይት) መንገድ ደግሞ ገላንና ዱከም ይገኛሉ። ከመሀል አዲስ አበባ የሚርቁት ከ15 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከነዋሪዎቻቸው ብዙዎቹ ጠዋት ለሥራ አዲስ አበባ ገብተው ማታ ይመለሳሉ። ቤተሰብ ይዘው ወደዚያ የወጡት በአብዛኛው የመሀል ከተማው የቤት ዋጋ ስለከበዳቸው ነው። የዚህ አኗኗር ታሪክ ስለ ቤት ብቻ ሳይሆን ስለ መሬት ሕግና ስለ መጓጓዣም ነው፤ ቤቱን ርካሽ የሚያደርገውም ሆነ የሚያስወድደው ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ነውና።

ሰፈርና ግቢ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የሠራተኛው ቤትና ሥራው አልተለያዩም ነበር። አካባቢው የቱለማ ኦሮሞ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች አገር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በፍልውኃው አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ አፄ ምኒልክ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ በየኮረብታው ቦታ አደሉ። በእያንዳንዱ ሹም ግቢ ዙሪያም ወታደሩ፣ ጠጅ ጣዩ፣ እንጀራ ጋጋሪዋና አንጥረኛው ጎጆ ቀለሱ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ቅሪቶች ናቸው። የቤት ቦታ የሚገኘው በአገልግሎት ስለነበር ከጌታው ግቢ ርቆ የሚያድር አገልጋይ አልነበረም።

የከተማዋን ስፋት መጀመሪያ የፈተነው ማገዶ ነው። በዙሪያው ያለው ደን ለግንባታና ለምድጃ እየተጨፈጨፈ እንጨት የሚመጣበት ቦታ እየራቀ ሄደ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀመሩ። በዚያ ዘመን አካባቢ የገባው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለቆረጣ የሚደርስ ሆነና ሐሳቡ ቀረ፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፉ ግን ሥራው በማገዶ አላበቃም። ቋሚና ማገር ሆኖ የጭቃ ቤትን በአነስተኛ ገንዘብ የሚሠራ ስላደረገው፣ እስከ ዛሬ ድረስ የከተማው ዳር የሚሰፋው በእሱ ነው።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የመሬት ደንብ የአዲስ አበባ ቦታ በግል እንዲያዝ፣ እንዲሸጥና እንዲለወጥ መንገድ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ቦታ ዋጋ ያለው ንብረት ሆነ፤ ባለ ብዙ ቦታውም ቤት ሠርቶ ማከራየት ጀመረ።

ሐዲድና አስፋልት

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂ፣ ዱከምና ቢሾፍቱ የጣቢያ ከተሞች ሆኑ። ባቡሩ የተሠራው ለንግድ ዕቃና ለሩቅ መንገደኛ ስለነበር በየቀኑ የሚመላለስ ሠራተኛ አላፈራም። አቃቂ በኋላ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲተከልበት ሠራተኛው እዚያው ሰፈረ። ለረጅም ጊዜም ከአዲስ አበባ የተለየ፣ የራሱ ገበያና የራሱ ኑሮ ያለው ከተማ ሆኖ ቆየ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ ሁለት ነገር ትቶ ሄደ። አንደኛው ለአገሬው ሕዝብ ተብሎ በምዕራብ በኩል የተለየው ገበያ ነው፤ መርካቶ ከዚያ ተነሣ። ሁለተኛው ወደ ጅማ፣ ወደ ለቀምት፣ ወደ ጎጃምና ወደ ደሴ የሚወስዱት የመኪና መንገዶች ናቸው። ዛሬ አብዛኞቹ የዙሪያ ከተሞች እንደ ዶቃ የተደረደሩት በእነዚህ መንገዶች ላይ ነው።

ከነጻነት በኋላ ከተማዋን በዕቅድ ለማስፋት ከተጠሩት ባለሙያዎች አንዱ የለንደንን ታላቅ ፕላን ያዘጋጁት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ነበሩ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ያቀረቡት ፕላን ለአዲስ አበባም አረንጓዴ ቀበቶ፣ ቀለበት መንገድና ከቀበቶው ውጪ የሚቆረቆሩ ታዳጊ ከተሞችን አሰበ። ዕቅዱ በመልኩ አልተፈጸመም። መሬቱ በጥቂት ባለርስቶች እጅ ስለነበር ከተማዋ የሰፋችው ባለመሬቱ በሸጠበት አቅጣጫ ነው። አብዛኛው ድሀ በመሀል ከተማ ተጠጋግቶ ተከራይ ሆነ።

በዚሁ ዘመን የዙሪያው አገር ለዋና ከተማዋ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነበር። የቧንቧ ውኃዋ ከቡራዩ አጠገብ ካለው ገፈርሳና ከለገዳዲ ግድብ ይመጣል። ቢሾፍቱ በሐይቆቹ የመዝናኛና የአየር ኃይል ከተማ፣ ሆለታ የጦር ትምህርት ቤት፣ ሰበታ ደግሞ የመርሃ ዕውራን ትምህርት ቤትና የቢራ ፋብሪካ ከተማ ሆነው ታወቁ። ቤት ፍለጋ ወደ እነሱ የሚሄድ ቤተሰብ ገና ብዙ አልነበረም።

የ1967ቱ አዋጅ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ የመኖሪያ ቤትና እስከ 500 ካሬ ሜትር የሚደርስ ቦታ እንዲይዝ ተፈቀደለት። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይ ተቀንሶ ቤቶቹ በቀበሌ ሥር ገቡ፤ ከፍ ያለ ኪራይ የሚያወጡትን ደግሞ የኪራይ ቤቶች ድርጅት ያዘ።

የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሥርተ ዓመታት ባለበት ስለቆየ፣ ያገኘው ሰው የሚለቅበት ምክንያት አልነበረውም። ልጅ ሲያገባ ጓዳው በኮምፖልሳቶ ይከፈላል፤ በጓሮም ሰርቪስ ይቀጠላል። በዚህ መንገድ ብዙ የድሀ ቤተሰብ በመሀል ከተማ፣ ከሥራው በእግር በሚደረስ ርቀት ኖረ። ማከራያ ቤት የሚሠራ ግን ስለጠፋ አዲስ መጪ ማረፊያ አጣ። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን የነበረው የአዲስ አበባ ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. ከ2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

ጨረቃ ቤት

በታኅሣሥ 1986 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ የከተማ ቦታ በጨረታና በድርድር ለተወሰነ ዘመን እንዲሰጥ ደነገገ። የጨረታ ዋጋ ደመወዝተኛው የሚደርስበት አልሆነም። በዚያው ጊዜ የግል ኪራይ ሰፍቶ ዋጋው በየጊዜው ይወጣ ጀመር። ከከተማው ወሰን ማዶ ያለው የእርሻ መሬት ለቤት ፈላጊው መድረሻ የሆነው ያኔ ነው። በ1987 ዓ.ም. 10 ሺህ ገደማ ሕዝብ የነበረው ቡራዩ በ1999 ዓ.ም. ወደ 50 ሺህ ተጠጋ፤ ሰበታም እንዲሁ በፍጥነት አደገ።

ከዚህ ዕድገት ከፊሉ በሕጋዊ ምሪትና በቤት ሥራ ማኅበራት የመጣ ነው። ከፊሉ ግን ሕዝቡ «ጨረቃ ቤት» የሚለው ነው። አሠራሩ በየአቅጣጫው ተመሳሳይ ነበር። ገዢው በደላላ በኩል ከገበሬው ጋር ይስማማል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ሽያጩ በሕግ አይጸናም፤ ስለዚህ ወረቀቱ «ስጦታ» ወይም «ብድር» ተብሎ ይጻፍና ምስክሮች ይፈርሙበታል፤ የመንደር ውል የሚባለው ይህ ነው። ቦታው በእርምጃ ወይም በገመድ ይለካል። ከዚያ ደንብ አስከባሪ በማይኖርበት ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ በበዓል ወይም በእሑድ ዋዜማ፣ ባሕር ዛፉና ቆርቆሮው ይራገፋል። ሌሊቱን ቋሚ ይተከላል፣ ማገር ይመታል፣ ጣራው ይለብሳል። ጭቃው በኋላ በጭድ ተቦክቶ ይመረጋል። ሲነጋ ቤተሰቡ ውስጡ ነው፤ ሰው የገባበትን ቤት ማፍረስ ይከብዳል የሚለው ስሌት ቤቱን ከነምሰሶው ይዞ ያቆመዋል።

የእንዲህ ዓይነቱ ቤት ርካሽነት ምክንያቱ ግልጽ ነው። ካርታ የለውም፤ መብራት ከጎረቤት ቆጣሪ ተጠልፎ ይመጣል፤ ውኃ በጀሪካን ከቦኖ ይቀዳል፤ በክረምት መግቢያው ጭቃ ነው። እነዚህ አንድ በአንድ ሲሟሉ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። መንገዱ ጠጠር ከለበሰና ባጃጅ ከጀመረ በኋላ የሚመጣው ገዢ የመጀመሪያው ሰፋሪ የከፈለውን አይከፍልም።

ኮንዶሚኒየም በዳር

መንግሥት ለዚሁ ችግር ያመጣው መልስ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ነው። በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ስሙን አስገባ፤ በ2005 ዓ.ም. ሁለተኛው ምዝገባ ቁጥሩ ከ900 ሺህ አለፈ። በ20/80 ፕሮግራም ነዋሪው ከዋጋው 20 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን በባንክ ብድር ይከፍል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች በገርጂና በጎተራ ተሠሩ። ቀጣዮቹ ግን ወደ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ወጡ፤ በዳር ያለው መሬት የሚጠይቀው የገበሬ ካሳ ብቻ ስለነበር ሰፊ ቦታ በርካሽ ይገኝበት ነበር። ዕጣ ከደረሳቸው ሰዎች ብዙዎቹ ቤቱን አከራይተው በኪራዩ የባንኩን ዕዳ እየከፈሉ፣ ራሳቸው ለሥራና ለትምህርት ቤት በሚቀርብ ቦታ ተከራይተው ቀሩ።

የመንገድ ዋጋ

ከቡራዩ ወይም ከሰበታ የሚነሣ ሠራተኛ ቀኑ የሚጀምረው ሳይነጋ ነው። ሚኒባሱ፣ ቅጥቅጡና ሃይገሩ ጠዋት ወደ ከተማ እየሞሉ ይገባሉ፤ ሲመለሱ ግን ባዶ ናቸው። ማታ ነገሩ ይገለበጣል። ባለ ታክሲው የባዶውን ጉዞ ለማካካስ መስመሩን አቆራርጦ ይጭናል፤ በአንድ ታሪፍ አስኮ ወይም አየር ጤና መድረስ የነበረበት ተሳፋሪ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። አንድ ሠራተኛ ብቻ የሚወጣበት ቤተሰብ በዚህም ሁሉ ያተርፋል። ባልና ሚስት የሚሠሩበት፣ ልጆቹም አዲስ አበባ የሚማሩበት ቤተሰብ ግን የኪራዩን ልዩነት በታሪፍ ሊጨርሰው ይችላል፤ ሰዓቱ ሳይቆጠር።

ሐዲዱ ይህን ሸክም አላቀለለም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ 34 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ቀላል ባቡር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ያመላልሳል፤ አንዱም ጫፉ የዙሪያ ከተሞቹን አይነካም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ከሰበታ ተነሥቶ በቢሾፍቱ በኩል ቢያልፍም እንደ ቀድሞው ሁሉ የሩቅ መንገደኛና የጭነት ነው። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ ደግሞ የጠቀመው ባለ መኪናውን ነው።

ወሰኑ የማን ነው?

የዙሪያ ከተሞቹ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ በመሆናቸው ቤት ፍለጋው የአስተዳደርና የፖለቲካ ጥያቄም ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከተሞቹ በአንድ ልዩ ዞን ሥር ተዋቀሩ። አዲስ አበባንና ልዩ ዞኑን በአንድነት ለማልማት የተዘጋጀው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. እና በ2008 ዓ.ም. ብዙ ሕይወት የጠፋበትን ተቃውሞ አስነሣ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። የተቃውሞው እምብርት የገበሬው መፈናቀል ነበር። ለእርሻ መሬት ይከፈል የነበረው ካሳ የምርቱን ግምት እንጂ መሬቱ ለቤት ሲውል የሚያወጣውን ዋጋ አይመለከትም ነበርና። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በኮዬ ፈጬና በሌሎች ቦታዎች ከ51 ሺህ በላይ ኮንዶሚኒየሞች ዕጣ ሲወጣባቸውም ተመሳሳይ ተቃውሞ ተነሣ።

በዚያው ወር በለገጣፎ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ፈረሱ። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ሲመሠረቱም ሰፊ የማፍረስ ዘመቻ ተካሄደ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ስለዚሁ መግለጫ አወጣ። ካርታ የሌለው ቤት በርካሽ የተገኘበት ምክንያትና በግሬደር የፈረሰበት ምክንያት አንድ ነው።

ተከራይን በተመለከተ የተወሰደው የቅርቡ እርምጃ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ነው። አዋጁ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ በተቆጣጣሪው አካል በሚወሰን መጠን እንዲሆን አዘዘ። ይህ የዛሬን ተከራይ ከድንገተኛ ጭማሪ ይጠብቃል፤ አዲስ ቤት ግን አይሠራም።

በአንድ ወቅት ከአዲስ አበባ ውጪ የጣቢያ ከተማ የነበረው አቃቂ ዛሬ የከተማዋ ክፍለ ከተማ አካል ነው። ከአሥራ አምስትና ከሃያ ዓመት በፊት የርካሽ ቦታ ምሳሌ የነበሩት ቡራዩና ለገጣፎም መንገዱ፣ መብራቱና ካርታው በደረሰባቸው ሰፈሮች ያን ስም አጥተዋል። አሁን ኪራይ የከበደው ቤተሰብ በአምቦ መንገድ ከቡራዩ አልፎ ሆለታን፣ በደሴ መንገድ ከለገጣፎ አልፎ ሰንዳፋን እየጠየቀ ነው።