ባለቤቱ ይታወቃል፤ ነዳፊውስ?

ባለፈው ሳምንት አትላስ ከአንድ የቆየ ወዳጄ ጋር ቡና ስንጠጣ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ሕንፃ በአገጩ አመለከተኝና «ፕላኑ የእኔ ነው፤ ፊቱ ግን የእኔ አይደለም» አለኝ። ወዳጄ አርክቴክት ነው። በነደፈው ሕንፃ ላይ ፀሐይ የሚከላከሉ በረንዳዎች ነበሩ። ባለቤቱ ዱባይ ደርሶ ሲመለስ «መስታወት ይሁንልኝ» አለ፤ ሆነለትም። ዛሬ በሕንፃው ግንባር ላይ የባለቤቱ ስም በትልቁ ተጽፏል። በግንባታው ጊዜ የኮንትራክተሩንና የአማካሪውን ስም የያዘው ሰሌዳ ሥራው ሲያልቅ ተነቅሏል። ወዳጄን በሳይቱ ላይ «ኢንጅነር» ይሉት ነበር፤ ስሙን ዛሬ የሚያስታውስ የለም።

ይህን እንደ አንድ ሰው ብሶት ሰምቼ ማለፍ ይቻለኝ ነበር። ነገር ግን የታሪክ መምህር ነኝና ጥያቄው ሰፋ ብሎ ታየኝ። በዚህች ከተማ ትልልቅ ንድፎችን የሚመራው ማን ነው? መሪውንስ የሚሾመው ማን ነው?

ወደኋላ እንመለስ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽን የነደፈው ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነበር። በወጣትነቱ ወደ አሥመራ መጥቶ የተማረው ቅየሳ ነው። ገና አርባ ዓመት ሳይሞላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ታላቁን ሥራ ሰጡት፤ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ አስረከበ። ቀጥሎም የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ ነደፈ። ፈረንሳዊው አንሪ ሾሜት ብሔራዊ ቴአትርንና ክቡን የንግድ ባንክ ሕንፃ ሠራ። ከእኛ ወገን ጎልቶ የሚታየው ሚካኤል ቴዎድሮስ ሲሆን፣ ከእስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ጋር በጋራ በከፈቱት ቢሮ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንና የፍልውሃን ሕንፃዎች ነድፈዋል። ከስዊድን ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የሕንፃ ትምህርት ቤትም ባለሙያ ማፍራት ጀምሮ ነበር።

ነገር ግን ያ ትውልድ ሊመራ በሚገባው ዕድሜው አብዮት መጣ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ፍትሐዊነቱን ለሌላ ጊዜ እናቆየውና፣ አንድ ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ለኪራይ ቤት የሚያሠራ ደንበኛ ጠፋ። አብዛኛው አርክቴክት የመንግሥት ተቀጣሪ ሆነ። ንድፉም የመሥሪያ ቤቱ እንጂ የሰው መሆኑ ቀረ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ቢሮዎች እንደገና ተከፈቱ። የአትላስና የቦሌ ፎቆች የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለባለሙያው ኃላፊነትን ሰጠው፤ ሥልጣን ግን አብሮ አልመጣለትም። ገንዘቡን የያዘው ያዛል፤ ባለሙያው ይፈርማል። እውነቱን ለመናገር ከባለሙያዎቹ መካከልም ሥራውን ሳያዩ ፊርማቸውን የሚያከራዩ አሉ።

ትልቁስ ሥራ? በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት የቻይና መንግሥት ስጦታ ነው፤ ነዳፊዎቹም ከዚያው የመጡ ናቸው። የቆመው «ዓለም በቃኝ» ይባል በነበረው ወኅኒ ቤት ቦታ ላይ ነው። ከአፍሪካ አዳራሽ እስከዚህ ሕንፃ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ አህጉሩ በመዲናችን ለተሰበሰበባቸው ለሁለቱም ቤቶች ንድፉን የመራው ኢትዮጵያዊ አይደለም።

ችሎታ ስለጠፋ ነው እንዳንል ማስረጃው መስቀል አደባባይ አጠገብ ቆሟል። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የነደፈው ፋሲል ጊዮርጊስ ነው። ሥራው ሲሰጠን እንደምንሠራ ያ ቤት ይመሰክራል።

የጃንሆይን ዘመን እየናፈቅሁ እንዳይመስልብኝ። ሜዜዲሚን የሾመው የአንድ ሰው ፈቃድ ነው፤ ማንም አልተጠየቀበትም። እኔ የምመኘው ሌላ ነው፤ ለሕዝብ የሚሠራ ሕንፃ ንድፍ በግልጽ ውድድር ይመረጥ፤ አሸናፊው ወጣትም ቢሆን ይምራው። በእያንዳንዱ ሕንፃ መግቢያ ላይም የነዳፊው ስምና ዓመተ ምሕረቱ በድንጋይ ይቀረጽ። በኮሪደር ልማቱ ስንቱ ቤት ሲፈርስ አየን፤ ማን እንደሠራው ሳናውቅ ያፈረስነው ስንት ይሆን? ስም ክብር ብቻ ሳይሆን ተጠያቂነትም ነው።

ይህን ለወዳጄ ስነግረው ሳቀ። ቀጥሎም መስታወቱን ቀና ብሎ አየና «ስሜ እንደሚቀረጽበት ባውቅ ኖሮ እኮ እሺ አልልም ነበር» አለኝ።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ቸር እንሰንብት።