ንድፍ ሲቀየር ቁጥሩስ? የምህንድስና ሰነዶች አያያዝ ለምርት ልማት

የአዲስ ምርት ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስበው ማሽን፣ ጥሬ ዕቃና ገንዘብ ነው፡፡ ሰነድ የመዝገብ ቤት ሥራ ተደርጎ ይታያል፡፡ በሜካኒካል መሐንዲስነቴ እንደታዘብኩት ግን፣ ምርትን የሚያበላሸው የንድፍ ስህተት ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛው ንድፍ ተሠርቶ ሳለ አሮጌው ቅጂ ቶርኖ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ መቅረቱም ጭምር ነው፡፡

ጉዳዩ ከኪሳራ ያለፈ መዘዝ እንዳለው የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ታሪክ ያሳያል፡፡ ኩባንያው ሸቭሮሌ ኮባልትን በመሳሰሉ መኪኖች የገጠመው የሞተር ማስነሻ ስዊች ሞላው ደካማ ስለነበር፣ መኪናው እየሄደ ቁልፉ ከቦታው ይንሸራተትና ሞተሩ ይጠፋል፤ ኤርባጉም ላይከፈት ይችላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የኩባንያው መሐንዲስ ስዊቹ እንዲሻሻል ፈቀደ፤ የዕቃው መለያ ቁጥር ግን ሳይለወጥ ቀረ፡፡ በዚህም አሮጌውና አዲሱ ስዊች በወረቀት ላይ አንድ ዕቃ ሆኑ፡፡ የአደጋዎቹን መንስኤ የሚያጣሩት የኩባንያው ባለሙያዎች፣ በኋለኞቹ ሞዴሎች ላይ ችግሩ ለምን እንደቀነሰ ለዓመታት ግራ ገባቸው፡፡ ልዩነቱን ያገኘው ከሳሾች የቀጠሩት ባለሙያ ስዊቾቹን ፈትቶ ሲያነጻጽር ነው፡፡ በ2014 ወደ 2.6 ሚሊዮን መኪኖች ለጥገና ተጠሩ፤ የካሳ ፈንዱ 124 የሞት ጉዳዮችን ተቀበለ፤ በ2015 ኩባንያው የወንጀል ጉዳዩን ለመቋጨት 900 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፡፡

ይህን የመሰለ ጥፋት የሚከላከሉት መሠረታዊ ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፡፡

መለያ ቁጥር፡- እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቁጥር ብቻ ይኑረው፡፡ ቁጥሩ ተራ ተከታታይ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የዕቃውን ዓይነትና መጠን በቁጥሩ ውስጥ ለማጨቅ የሚሞክር አሠራር ምርቱ ሲበዛ ይፈርሳል፡፡ ገለጻው በመዝገቡ ላይ ይጻፍ፡፡

ሪቪዥን፡- አዲሱ ዕቃ በአሮጌው ምትክ፣ አሮጌውም በአዲሱ ምትክ ያለ ችግር የሚገጠም ከሆነ የሪቪዥን ፊደሉን መቀየር ይበቃል፡፡ ቅርጹ፣ አገጣጠሙ ወይም አገልግሎቱ ከተለወጠ ግን አዲስ ቁጥር ይሰጠው፡፡ የጄኔራል ሞተርሱ ስዊች የጎደለው ይኸው ነው፡፡ ከ1 እና ከ0 ጋር የሚምታቱትን የላቲን ፊደላት፣ አይ እና ኦን፣ አለመጠቀም ይመረጣል፡፡

የዕቃዎች ዝርዝር፡- ምርቱ ከየትኞቹ ዕቃዎች፣ በስንት ብዛት እንደሚገጣጠም የሚያሳየው ሰነድ ነው፡፡ ግዥ፣ ስቶርና ወርክሾፕ ከዚህ አንድ ዝርዝር መሥራት አለባቸው፤ ሁሉም የየራሱን ከያዘ የሚገዛውና የሚገጠመው ይለያያል፡፡

የለውጥ ማዘዣ፡- ማንኛውም ለውጥ ምክንያቱ፣ የሚነካቸው ሰነዶችና ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ተጽፎ ይፈረም፡፡ በስቶር ያለው አሮጌ ዕቃ ይወገድ ወይስ ይታረም? ቀድሞ የተሸጠውስ? ማዘዣው ለእነዚህ መልስ ካልሰጠ አልተጠናቀቀም፡፡

የሰነዱ ደረጃ፡- ረቂቅ፣ በግምገማ ላይ፣ የጸደቀ፣ የተሻረ ተብሎ ይለይ፡፡ ወርክሾፕ የሚገባው የጸደቀው ብቻ ነው፡፡ የተሻረው ከሥራ ቦታ ይነሳ እንጂ አይቃጠል፤ ከዓመታት በኋላ መለዋወጫ ሲጠየቅ ወይም አደጋ ሲደርስ ምን ተሠርቶ እንደነበር የሚመሰክረው እሱ ነውና፡፡

ይህን ሁሉ የሚያስተዳድሩ ውድ ሶፍትዌሮች አሉ፡፡ ለአነስተኛ ድርጅት ግን አንድ የኤክሴል መዝገብ፣ አንድ የጋራ ፎልደርና ቁጥር የመስጠት ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ለመጀመር ይበቃሉ፡፡ ይህ ሥርዓት ሳይኖር የሚገዛ ሶፍትዌር የነበረውን ዝብርቅርቅ ወደ ኮምፒዩተር ከማዛወር ያለፈ ፋይዳ አይኖረውም፡፡